በፕላዝማ ውስጥ ራሱን የሚደረድር ብናኝ፦ የአንድ ክሪስታል ሥራ ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ በሰሜን ጀርመን በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የምሠራውን ሥራ በየዕለቱ እየተከታተለ የተጻፈ ነው። ማታ ማታ በደብተሬ ካሰፈርሁት ውስጥ ለሌላ አንባቢ ይጠቅማል ያልሁትን ብቻ አውጥቻለሁ። የሥራ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የጥናቱን ታሪክ በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥር 3

ዛሬ ባዶውን ቻምበር ተረከብሁ። ዓላማዬ ከዐይን የሚያመልጡ የፕላስቲክ ብናኞችን ፕላዝማ ውስጥ በትኜ፣ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸውን ወደ ክሪስታል ሲደረድሩ ማየት፣ ከዚያም ያ ክሪስታል በምን ሁኔታ እንደሚቀልጥ መለካት ነው። ፕላዝማ ከአቶሞቹ ከፊሎቹ ወይም ሁሉም ኤሌክትሮናቸውን አጥተው አዮን የሆኑበት ጋዝ ነው፤ በመብረቅ ውስጥም፣ በቢሮ ጣሪያ ላይ በምናየው ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥም የሚያበራው እሱ ነው። እንዲህ ባለ ጋዝ ውስጥ የተንሳፈፈ ብናኝ ክሪስታል ሊሠራ እንደሚችል ኢኬዚ የተባለው ተመራማሪ በ1986 በስሌት አሳየ፤ በ1994 ደግሞ በታይዋን፣ በጀርመንና በጃፓን የሚሠሩ ቡድኖች በየፊናቸው በዚያው በአንድ ዓመት በዐይን አዩት።

ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ነገር መጠኑ ነው። ወጥ ውስጥ በምንጨምረው ጨው ክሪስታል ውስጥ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት አዮኖች የሚራራቁት 0.28 ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱን ለይቶ በተራ ካሜራ ማየት ፈጽሞ አይታሰብም። በፕላዝማ ክሪስታል ውስጥ ግን ርቀቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ማለትም ከጨው ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሰፋ ነው። አንድ ጠጣር ነገር ሲቀልጥ እያንዳንዱ አባል ከቦታው እንዴት እንደሚነቀል በስሌት ሳይሆን በምስል መከተል የሚቻልበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ጥር 8

ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ግፊቱ ከአንድ መቶኛ ፓስካል በታች አልወርድ አለ። በየመገጣጠሚያው ዙሪያ ሂሊየም እየነፋሁ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ስፈልግ፣ በላይኛው መስኮት የጎማ ቀለበት ሥር የተኛች አንዲት ክር አገኘሁ። ክሯን አንሥቼ፣ ቀለበቱን በአልኮል ጠርጌ፣ ብሎኖቹን በትይዩ በትይዩ አጠበቅሁ። ማታ ላይ ግፊቱ ወርዶ ተስተካከለ።

ጥር 13

የመጀመሪያው ፕላዝማ በራ። ቻምበሩ ውስጥ አርጎን ጋዝ በ10 ፓስካል ግፊት አለ፤ ይህ ከከባቢ አየር ግፊት አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው። በታችኛው ክብ የብረት ሰሌዳ ላይ 13.56 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ በ5 ዋት ለቀቅሁ፤ ጋዙም ሐምራዊ ወደ ሮዝ የሚያደላ ብርሃን ሰጠ።

ብርሃኑ ግን ሰሌዳውን አይነካም። ከሰሌዳው በላይ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጨለማ ክፍተት አለ፤ የእኔ ሥራ በሙሉ የሚካሄደው እዚያ ውስጥ ነው። ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች እጅግ የፈጠኑ በመሆናቸው ቀድመው ሰሌዳው ላይ ይደርሱና ኔጌቲቭ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ተከታዮቹን ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋ በአካባቢው የኤሌክትሮን እጥረት ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮን ባነሰበት ቦታ የሚያበራ አቶምም ስለሚያንስ ክፍተቱ ጨለማ ሆኖ ይታያል። ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ የሚገኘውም በዚሁ ጨለማ ውስጥ ነው።

ብናኝ ሲገባ የሚደርስበት ነገር ከሰሌዳው ጋር አንድ ነው። ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች በላዩ ላይ እየተለጠፉ ኔጌቲቭ ያደርጉታል፤ የሚመጡት ኤሌክትሮኖችና አዮኖች እኩል እስኪሆኑ ድረስም ቻርጁ ያድጋል። ዲያሜትሩ 8 ማይክሮሜትር ለሆነ ብናኝና 3 ኤሌክትሮን ቮልት (በዚህ ዘርፍ የጉልበትም የሙቀትም መለኪያ ነው) ለሆነ የኤሌክትሮን ሙቀት የተለመደው ቀመር 20 ሺህ ያህል ትርፍ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ይህን ቁጥር ወደፊት በልኬት እፈትነዋለሁ።

ጥር 16

ብናኞቹ ሜላሚን ፎርማልዴሃይድ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠሩ ሉሎች ናቸው፤ ውፍረታቸው የራስ ጠጉር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በዚህ ዘርፍ የሚመረጡት ሁሉም እኩል መጠን ስላላቸው ነው፤ መጠናቸው ቢለያይ ክብደታቸውም ቻርጃቸውም ይለያይና እያንዳንዱ በየራሱ ከፍታ ስለሚንሳፈፍ አንድ ወጥ ንብር ማግኘት አይቻልም። የሚበተኑት ከቻምበሩ ጣሪያ በተንጠለጠለች ትንሽ ጣሳ ነው፤ የጣሳዋ ታች ወንፊት ሲሆን ኤሌክትሮማግኔት መታ ሲያደርጋት ብናኙን ታወርዳለች።

ሌዘሩ አረንጓዴ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱም 532 ናኖሜትር ነው። ጨረሩን በሲሊንደር ሌንስ አሳልፌ እንደ ወረቀት ስስና ሰፊ አድርጌዋለሁ፤ ካሜራው ከላይ በመስኮቱ በኩል ይመለከታል፤ ከፊቱ ያለው ማጣሪያም የፕላዝማውን ብርሃን ከልክሎ የሌዘሩን አረንጓዴ ብቻ ያሳልፋል።

ጣሳዋን ሦስት ጊዜ መታሁ። በመጀመሪያ ምንም አልታየም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጨለማው ክፍተት በአረንጓዴ ነጥቦች ተሞላ። ክሪስታል ግን አልነበረም። ነጥቦቹ እንደ ተነካ የንብ መንጋ ይተራመሱ ነበር፤ ለሁለት ሰዓት ብጠብቅም አልበረዱም።

ጥር 17

ችግሩ ከንብሩ በታች እንደሆነ ዛሬ አወቅሁ። ሌዘሩን በግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ሳደርገው ከዋናው ንብር በታች አሥራ አምስት የሚሆኑ ደመቅ ያሉ ነጥቦች ታዩ። ሁለትና ሦስት ሆነው የተጣበቁ ብናኞች ናቸው፤ ስለከበዱ ዝቅ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ በላያቸው ያለውንም ንብር ያውካሉ። እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ለማስወገድ የቆየ ዘዴ አለ፦ የሬዲዮ ሞገዱን ጉልበት ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። መስኩ ሲደክም መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የሚወድቁት ከባዶቹ ናቸው። ከ5 ዋት ወደ 2 ዋት ገደማ ስወርድ አንድ በአንድ እየጠፉ ሄዱ፤ ከዚያ ጉልበቱን መልሼ ከፍ አደረግሁ።

ያን ጊዜ የሆነውን በጥንቃቄ ልጻፈው። ትርምሱ በአንድ ጊዜ አልቆመም። በመካከል አካባቢ ሠላሳ የሚሆኑ ነጥቦች ዝም አሉ፤ ዝምታው ከእነርሱ ወደ ጎረቤቶቻቸው ተሻገረ፤ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሁሉ በቦታው ረጋ። ካሜራውን አጉልቼ አንድ ነጥብ መረጥሁና ጎረቤቶቹን ቆጠርሁ፤ ስድስት ናቸው። ቀጥሎ ያለውንም ቆጠርሁ፤ ስድስት። በእያንዳንዱ ዙሪያ ድንበር ቢሰመር የማር እንጀራ ይወጣዋል። ነጥቦቹ ፈጽመው የቆሙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በቦታው ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ከጎረቤቶቹ መካከል አይወጣም።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ፤ የዚያን ምሽት የመጨረሻ ባቡር አመለጠኝ፤ አልቆጨኝም።

ጥር 18

የትናንቱን ምስል ሳይ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፈው ፈለግሁ፤ ሥራዬን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች በተቃራኒው ስለሚረዱት ነው። የጨው ክሪስታል የሚቆመው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮኖች ስለሚሳሳቡ ነው። የእኔ ብናኞች ግን ሁሉም ኔጌቲቭ ናቸው፤ አንዱም አንዱን አይስብም፤ ሁሉም ሁሉንም ይገፋል። ሥርዓቱ የሚመጣው ከመገፋፋቱ ነው። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ከፍታ ያለው የብረት ቀለበት አስቀምጫለሁ፤ እሱ የኤሌክትሪክ መስኩን ጠርዝ ላይ ቀና ስለሚያደርገው ብናኞቹ እንደ በረት ከብት ወደ ውጭ መበተን አይችሉም። መውጫ ያጣ፣ ጎረቤቱንም የሚሸሽ ብናኝ ከሁሉም እኩል የሚርቅበትን ቦታ ይፈልጋል፤ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ለሁሉም እኩል የሚበቃው አቀማመጥ ደግሞ ስድስት ጎረቤት ያለው ነው። ሙግቱ ግን የሚሠራው ብናኞቹ ከበረዱ ብቻ ነው፤ የሚያበርዳቸው ገለልተኛው የአርጎን ጋዝ ነው። በ10 ፓስካል ግፊት የአንድ ብናኝ እንቅስቃሴ በጋዙ ግጭት በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ይደክማል።

ጥር 23

ሦስት ቀን የወሰደ ብልሽት ነው። ክሪስታሉ በአንድ በኩል ተጠግቶ ይቀመጥ፣ ከዚያም በላይ ቀስ ብሎ ይሽከረከር ነበር፤ አንድ ሙሉ ዙር አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የመጀመሪያውን ምክንያት በውሃ ልክ አገኘሁት፤ ሰሌዳው በዐይን የማይታይ ያህል አዘንብሏል። የብናኝ ክብደት ትንሽ ቢሆንም ወደ ጎን የሚይዘው መስክ ከእሱ ያነሰ ስለሆነ ትንሽ ዝንባሌ ይበቃዋል። ሰሌዳውን ካስተካከልሁ በኋላ መጠጋቱ ቀረ፤ መሽከርከሩ ግን ቀጠለ።

የሌዘሩ ግፊት ይሆናል ብዬ የጨረሩን ብርታት በግማሽ ብቀንሰውም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የአርጎኑን መግቢያ ተመለከትሁ፤ ጋዙ የሚገባው ከአንድ ጎን በኩል ነው፤ መግቢያውም ወደ ክቡ ጠርዝ የዞረ ነው። የጋዙን ፍሰት ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ አድርጌ ግፊቱን በፓምፑ በር ሳስተካክል ሽክርክሪቱ ቆመ። ስለዚህ በ10 ፓስካል፣ ቫክዩም ልንለው በሚቃጣን ግፊት እንኳ፣ ነፋስ አለ፤ ክሪስታሉም ያን ነፋስ የሚያሳይ መሣሪያ ሆነልኝ።

በነገራችን ላይ ከቀለበቱ አጠገብ ራሱን የቻለ የብናኝ ደመና ተከማችቶ አይቻለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአይቢኤም ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ቺፕ በሚቀረጽበት ፕላዝማ ውስጥ ሌዘር ሲያበሩ ያዩት እንዲህ ያለ ደመና ነበር፤ ቺፖችን የሚያበላሸው ብናኝ ከክፍሉ አየር የገባ ሳይሆን እዚያው ፕላዝማ ውስጥ ተፈጥሮ ተንሳፍፎ የሚቆይ መሆኑን ያወቁት በዚያ ነው። ለፋብሪካ ጠላት የሆነው ነገር ለእኔ ቤተ ሙከራ ነው።

ጥር 28

ቻርጁን ለካሁ። ዘዴው የታወቀ ነው፦ የሰሌዳውን ቮልቴጅ በዝቅተኛ ድግግሞሽ በጥቂቱ እያወዛወዙ ብናኞቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘሉ ከጎን ማየት ነው። ድግግሞሹን ከ5 ኸርትዝ ጀምሬ ቀስ በቀስ ጨመርሁ፤ 15 ኸርትዝ ላይ ዝላዩ ትልቁ ሆነ። አንድ ሰው በዥዋዥዌ ላይ በትክክለኛው ጊዜ ሲገፋ እንደሚሆነው ነው። ከዚህ ቁጥር፣ ከብናኙ ክብደትና በላንግሚር መለኪያ ዘንግ (ፕላዝማ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ሽቦ) ካገኘሁት የፕላዝማ ጥግግት ተነሥቼ ሳሰላ 15 ሺህ ኤሌክትሮን አገኘሁ፤ ስሕተቱ ግን እስከ ሲሶ ሊደርስ ይችላል። ቀመሩ ከሰጠው 20 ሺህ ጋር በዚህ ስሕተት ውስጥ ይስማማል። ልኬቱ ማነሱም አያስገርምም፤ ቀመሩ የሚያስበው ብናኙ በፕላዝማው መካከል እንዳለ ነው፤ የእኔ ግን ኤሌክትሮን በጎደለበት ጨለማ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሒሳብ ነው። የአንዱ ብናኝ ክብደት መጠን 0.4 ትሪሊዮንኛ ኪሎግራም ነው፤ ይህን ለመሸከም በአንድ ሜትር 1,650 ቮልት ያህል መስክ ያስፈልጋል፤ ጨለማው ክፍተትም ይህን በቀላሉ ይሰጣል። ሁለት ጎረቤት ብናኞች በ0.6 ሚሊሜትር ርቀት የሚገፋፉበት ጉልበት፣ መከለያ ባይኖር፣ 540 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆን ነበር። በአጠገባቸው ያለው ፕላዝማ ቻርጃቸውን በከፊል ስለሚሸፍነው ይህ ወደ ሲሶ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም በክፍሉ ሙቀት ካለው የንቅናቄ ጉልበት ሰባት ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ነው። አንድ ፈሳሽ ወደ ክሪስታልነት የሚለወጠው ይህ ንጽጽር በመቶዎች ሲቆጠር ስለሆነ የእኔ ክሪስታል የረጋ መሆኑ አያስደንቅም። አስደናቂው እንዲህ የጠነከረ ነገር መቅለጡ ነው።

የካቲት 4

ዛሬ አቀለጥሁት። 2,200 የሚሆኑ ብናኞች ያሉበትን ነጠላ ንብር አዘጋጅቼ፣ በሰከንድ መቶ ምስል እያነሣሁ፣ ግፊቱን ከ12 ፓስካል በሩብ በሩብ ፓስካል ቀነስሁ። እስከ 8 ፓስካል ድረስ የታየ ለውጥ የለም። 7 ላይ በመካከሉ፣ ብናኞቹ ይበልጥ ተቀራርበው ባሉበት ቦታ፣ አንድ አቅጣጫ የያዘ ማዕበል መታየት ጀመረ፤ ነጥቦቹ በካሜራው ላይ ወደ አጫጭር መስመሮች ተለወጡ። 6 ፓስካል አካባቢ መካከሉ ተበጠሰ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥም ሁሉም ቀለጠ። ጠጣር ሳለ የአንዱ ብናኝ የሙቀት ፍጥነት በስሌት በሰከንድ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ካሜራዬ ለይቶ ሊለካው ከሚችለው ወሰን በታች ነው። ከቀለጠ በኋላ የለካሁት ግን በሰከንድ በርካታ ሚሊሜትር ነው። ጋዙ አልሞቀም፣ ሰሌዳውም አልሞቀም፣ እኔም ሙቀት አልጨመርሁም፤ የቀነስሁት ጋዝ ብቻ ነው።

ጉልበቱ ከየት መጣ የሚለው የዚህ ሥራ ልብ ነው። አዮኖች ከፕላዝማው ወደ ሰሌዳው በብርቱ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ በኔጌቲቭ ብናኝ አጠገብ ሲያልፉም መንገዳቸው ወደ እሱ ይታጠፍና ከብናኙ በታች ይሰበሰባሉ። ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ከኋላው አዙሪት እንደሚተው፣ እያንዳንዱ ብናኝ ከሥሩ የፖዘቲቭ ጅራት ይተዋል። ዝቅ ብሎ የወረደ ጎረቤት በዚያ ጅራት ይሳባል፤ ከላይ ያለው ግን በታችኛው በዚያው መጠን አይሳብም። አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገው ከሌላው የሚመለስለት ጋር እኩል አለመሆኑ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የሚጥስ ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱን የሚሸከመው የአዮኖቹ ፍሰት ስለሆነ ሕጉ በጠቅላላው ይጠበቃል። በዚህ የተነሣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ንዝረት ወደ ጎን ካለው ጋር ይያያዛል፤ የሁለቱ ድግግሞሽ ሲገናኝም ከአዮኖቹ ፍሰት ጉልበት እየመጠጡ ያድጋሉ። ጋዙ በቂ ሲሆን ግጭቱ ንዝረቱን ያፍነዋል፤ ሲሳሳ የሚያፍነው የለም። ጥር 16 ቀን ያየሁት የማይበርድ ትርምስም የዚሁ ዘመድ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ ከታች የነበሩት ከባድ ብናኞች በላይኞቹ ጅራት ውስጥ ነበሩ።

የካቲት 6

ግፊቱን መልሼ ስጨምር ክሪስታሉ በ6 ፓስካል አልተመለሰም፤ እስከ 9 ድረስ ጠበቀ። በዚህ ልዩነት ውስጥ፣ ባለፈበት መንገድ መሠረት፣ በአንድ ግፊት ጠጣርም ፈሳሽም ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ሲረጋ ከተለያዩ ቦታዎች ስለሚጀምር አቅጣጫቸው የተለያየ ደሴቶች ይሠራሉ፤ በደሴቶቹ መገናኛም አምስት ጎረቤት ያለው ነጥብ ሰባት ጎረቤት ካለው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰልፎ ይቆማል። አንዱን ጥንድ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ተከታተልሁ፤ አንድ ረድፍ ይዘላል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይዘላል፤ በመጨረሻ ጠርዙ ጋ ደርሶ ጠፋ። ቶውለስና ኮስተርሊትዝ፣ በ2016 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ፊዚከኞች ሁለቱ፣ ጠፍጣፋ ክሪስታል መቅለጥ የሚጀምረው እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሁለት ሁለት ሆነው ከተሳሰሩበት ሲለያዩ ነው የሚለውን ሐሳብ መሠረት የጣሉ ናቸው። የእኔ ምስሎች ይህን ያረጋግጣሉ ለማለት ግን አልደፍርም። ያ ሐሳብ ሚዛን ላይ ላለ ነገር የተነገረ ነው፤ የእኔ ክሪስታል ደግሞ ከአዮኖች ፍሰት ያለማቋረጥ ጉልበት የሚቀበል ነው። ጥንዶችን አይቶ ወደ ታዋቂው ሐሳብ መሮጥ ለጽሑፉ ቀላል ነው፤ ለእውነቱ ግን አይበጅም።

የካቲት 11

እስካሁን የሠራሁት ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋ ያደረገውም የመሬት ስበት ነው። ብናኙን የሚሸከመው መስክ የሚገኘው ስስ በሆነው ጨለማ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባሉ። ከስበት ለመላቀቅ ጀርመኖችና ሩሲያውያን ተባብረው መሣሪያ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ልከዋል፤ የመጀመሪያው በሩሲያዊው ፊዚከኛ በአናቶሊ ኔፌዶቭ ስም የተጠራ ሲሆን በ2001 ሥራ ጀመረ፤ ፒኬ-4 የተባለው ደግሞ በ2014 በአውሮፓውያኑ ኮሎምበስ ክፍል ውስጥ ተተከለ። እዚያ ብናኙ መላውን ፕላዝማ ይሞላል፤ በመካከሉ ግን አዮኖቹ ወደ ውጭ ስለሚገፉት ባዶ ቦታ ይቀራል።

በምድር ላይ የተገኘው ሌላው መንገድ ለእኔ አቅም ይቀርባል። በ2004 በጀርመን ከተማ በኪል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ታችኛውን ሰሌዳ አሞቁ፤ ከታች የሚመጣው ሞቃት ጋዝ ብናኙን ወደ ላይ ስለሚገፋ ክብደቱን በአብዛኛው አቃለለለት፤ የመስታወት ሳጥን ደግሞ ከጎን ያዘው። የተገኘው ክብ ሉል ነው፤ ብናኞቹ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት አንዱ በሌላው ውስጥ በተጠቀለሉ ንብሮች ይደረደራሉ።

3.4 ማይክሮሜትር የሆኑት ብናኞች ትናንት ደርሰውኛል፤ እስካሁን ከተጠቀምሁባቸው አሥራ ሦስት ጊዜ ይቀልላሉ። የመስታወት ሳጥኑን ጠዋት በሰሌዳው መካከል አስቀመጥሁ፤ ሰሌዳውን ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቅሁት። ከሰዓት በኋላ ብናኙን ስጥለው አብዛኛው በሳጥኑ ግድግዳ አጠገብ አለፈ፤ ውስጥ የቀሩት ሰባ ያህል ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከክፍተቱ ከፍ ብለው ተንሳፈፉ። ሌዘሩን ከላይ ወደ ታች ሳንሸራትተው ከላይ ጥቂት ነጥቦች፣ መካከል ላይ ሰፊ ቀለበትና በውስጡ ሌላ ትንሽ ቀለበት፣ ከታች እንደገና ጥቂት ነጥቦች ታዩ። የውስጠኛውን ቀለበት ነጥቦች ለመቁጠር ሁለተኛ ካሜራ ከጎን ያስፈልጋል፤ መያዣውን ነገ እቆርጣለሁ።